ሰርገኛ ያስቆመ ማግኔት

እኔ ከማግኔት ጋር ጠብ የለኝም። ይህን መጀመሪያ ልናገር፤ ሰፈር ውስጥ "ሮማን ሥልጣኔ አይጥማትም" እያሉ የሚያወሩትን ሰምታችሁ እንደሆነ አትመኑ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የልብስ ሰፊ ዕቃ የምሸጥ ሴት ነኝ። አዝራር፣ ዚፕ፣ ክር፣ ላስቲክ። የሴት ቦርሳ የምትዘጋዋ ክብ ማግኔትም አለችኝ። ጠቅ ትላለች፣ ትዘጋለች፤ ሳብ ሲያደርጓት ትከፈታለች። ምን ክፋት አላት? መርፌ የተበተነብኝ ዕለት ደግሞ ከአሮጌ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት አለኝ፤ መሬቱን ሳስስበት መርፌው ሁሉ ተለጣጥፎበት ይነሳል። ጎንበስ ብዬ ስለቅም ወገቤ ከሚቆረጥ ማግኔቱን ብመርቀው ይሻላል። ስለዚህ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም። ጠቤ በር ላይ ከሚገጥሙት ሰዎች ጋር ነው። ይኸው ስንት ጊዜ አልፎም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የምንኖረው ፒያሳ፣ አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ ነው። መንገዱ ሲሰፋ በዙሪያችን ያሉት ቤቶች ተነሡ፤ የእኛ እንዳለ ቀረ። ደረጃው በሰው እግር ተበልቶ መሃል መሃሉ ጎድጉዷል። ከታች ትንሽ ግቢ ቢጤ አለች፤ ልብስ ይሰጣባታል፣ በርበሬ ይደለዝባታል፣ አሉባልታም የሚመረተው እዚያው ነው። ከግቢዋ ወደ መንገድ የሚያወጣን አንድ ትልቅ ድፍን የብረት በር ነው። ሌላ መውጫ የለም። አንድ በር ብቻ።

ያንን በር ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ጋሽ ደቻሳ ነበር። መቀርቀሪያውን ሸርተት ያደርጋል፣ "ግቡ" ይላል፣ ገባን። ቀጥሎ ሸርተት ያደርጋል፣ ዘጋ። እጃችሁ ላይ ዕቃ ካለ ይቀበላችኋል። እንግዳ ሲመጣ "እትዬ ሮማን የሉም፣ ሱቅ ናቸው" ብሎ ይመልሳል። አላስፈላጊ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቤት ብኖርም "የሉም" ይላል። ይህን ማን አስተማረው? ማንም። ሰው ነዋ።

ከዚያ አቶ ግርማ የሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። አቶ ግርማ ጡረታ የወጣ፣ ንጹሕ የሚለብስ፣ ክራቫት ሳያስር ዳቦ ለመግዛት እንኳ የማይወርድ ሰው ነው። ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን አዲስ ዕቃ ያየ ዕለት እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን ስብሰባ ጠራንና ከአሁን በኋላ ዘበኛ አያስፈልግም አለን። በሩ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ለየቤቱ መክፈቻ ይሰጣል፤ ከቁልፍ መያዣ ጋር የምትንጠለጠል ክብ ነገር። ከውስጥም የሚጫን ቁልፍ ይኖራል።

ጋሽ ደቻሳስ? አልኩ። "የተሻለ ቦታ ተፈልጎለታል" አለኝ። የተሻለው ቦታ ከአምስት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለ መጋዘን ነው፤ ብርድ። ያን ዕለት ነው አቶ ግርማን መናደድ የጀመርኩት።

መቆለፊያውን የሸጠው ልጅ እግር ባለሱቅ ራሱ መጥቶ ገጠመው፤ አጠገቡ ቆመንም አስረዳን። እውነት ለመናገር በደንብ ነው ያስረዳው። ውስጡ ሦስት ነገር አለ አለ። አንድ ማግኔት፤ ኮረንቲ የማይፈልግ፣ ሁልጊዜ ማግኔት የሆነ። አንድ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል። አንድ ሞላ። ሞላው የብረቱን ምላስ ወደ ኋላ፣ ወደ መክፈት ነው የሚጎትተው። ስንዘጋ ጥቅልሉ ለቅጽበት ኮረንቲ ያገኝና ምላሱን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ እዚያ ሲደርስ ማግኔቱ ቀጨም አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ኮረንቲ አያስፈልግም። ማግኔቱ በራሱ ጉልበት ይዞት ይቆያል። ስንከፍት ደግሞ ኮረንቲው በተቃራኒው ይገባና ማግኔቱን ለቅጽበት ያደክመዋል፤ ያኔ ሞላው ምላሱን ጎትቶ ያወጣዋል። ቻክ። ተከፈተ።

"ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ የሚነዝረውም በዚሁ ነው" አለን። "ሬድዮ የሚናገረውም። ማግኔት፣ ጥቅልል፣ የሚመልሰው ነገር።" እኔ ገርሞኝ ነበር። ዓለም በሙሉ በሞላና በማግኔት እየተጎተተ እንደሚኖር ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። "ተዘግቶ ሳለ መብራት ቢሄድስ?"

ባለሱቁ ሳይመልስ አቶ ግርማ ቀደመው። "ወይዘሮ ሮማን፣ ዋናው ጥቅሙ እሱ አይደል? መብራት ቢሄድ እንደተዘጋ ይቆያል። ሌባ መብራት ጠብቆ አይገባም።"

"እኛስ ጠብቀን ነው የምንወጣው?"

"ለእሱ ባትሪ አለ" አለ ባለሱቁ። አቶ ግርማ ግን ባትሪው በሚቀጥለው ዙር ይገዛል አለ። የሚቀጥለው ዙር የሚባል ነገር አገራችን ውስጥ መጥቶ ታውቃላችሁ?

በእጅ የሚዞር ቁልፍስ የለውም? አልኩ። የለውም። ቁልፍ ካለው ሌባ አስመስሎ ያስቀርጻል ተባለ።

የመቆለፊያውን ስም ባለሱቁ "አክቹዌተር" ብሎ ነበር የጠራው። ስሙ ግን የእኛ ሕንጻ ሰው አፍ ላይ ሊቆም አልቻለም። ከእኔ በላይ የምትኖረው አስቴር፣ አፏ ስል የሆነ ሴት ናት፣ በማግስቱ "አክስቱ" አለችው። በቃ፣ አክስቱ ሆኖ ቀረ። ሰው ሁሉ "አክስቱ ዘጋች?" "አክስቱን ተጫንልኝ" "ዛሬ አክስቱ ተቀይማለች" ማለት ጀመረ። እኔም ከእነሱ ጋር እል ነበር። ይህች ቀልድ ምን ይዛብን እንደምትመጣ ማን አወቀ?

አሁን ወደ ልጄ ልሂድ። ማህሌት አንድ ልጄ ናት። ናትናኤል የሚባል ጥሩ ልጅ፣ ሰው አክባሪ፣ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ተነጋገርን፣ ባለቤቴ ታደለ እንደ ልማዱ ትንሽ ተናግሮ ብዙ አዳመጠ፣ ተስማማን። ከእነሱ ወገን ግን የናትናኤል አክስት፣ እትዬ ዘነበች፣ አልተመቹኝም። እናቱ የዋህ ናት፤ የቤተሰቡ አዛዥ አክስቱ ናቸው። ኋላ ቤት ለማየት የመጡ ዕለት ሳሎኔ ተቀምጠው ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ "ግቢያችሁ ወዴት ነው?" አሉኝ። በመስኮት ልብስ የተሰጣባትን አሳየኋቸው። "እ" አሉ። ሌላ አልተናገሩም። የእሳቸው "እ" ግን ከብዙ ሰው ንግግር ይረዝማል።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሕንጻው በሙሉ የእኔ ቤት ነበር። ግቢዋ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ሰሞኑን ቅመም የተወቀጠበት ሙቀጫና ዘነዘና ጥግ ላይ እንደቆመ ነው። ማህሌት ላይ ቤት ለብሳ ተቀምጣለች። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ ሙሽራው ይመጣል፣ ይወስዳታል፣ አዳራሽ ይሄዳሉ።

እኔ በማለዳ አቶ ግርማን ለመንኩት። "ዛሬ ብቻ ይህን በር ክፍት ይተዉልኝ" አልኩ። እሱ ግን አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከመክፈቻው ቁልፍ አጠገብ ቆሟል። "አይሆንም ወይዘሮ ሮማን። በር ዘግቶ ሙሽራን ማስጠበቅ ባህላችን ነው። ሚዜዎቹ ሲለምኑ፣ ሲለምኑ፣ ልክ በሰዓቱ እኔ እጫነዋለሁ፤ በሩ በራሱ ብርግድ ይላል። ለእናንተ ክብር ነው።" ሊያከብረን ነው እንግዲህ። ምን ልበል? በሰርግ ቀን ጠዋት ሰው ይጣላል?

የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ። የማህሌት ጓደኞች እየዘፈኑ ወርደው በሩን ከውስጥ ደገፉ። ውጭ ሚዜዎቹ ደረሱ፣ ጭብጨባው ደራ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ እንባዬን እጠርጋለሁ። ሽቶው በበሩ ላይ ተሻግሮ ግቢ ውስጥ ይረጫል፤ እነሱ ይለምናሉ፣ እነዚህ ይከለክላሉ። የሰርግ ደስታው እዚህ ላይ ነው። ልጃገረዶቹ እስኪበቃቸው ዘፈኑና አንዷ ለአቶ ግርማ ምልክት ሰጠችው። አቶ ግርማ ክራቫቱን አስተካክሎ ተጫነ።

ምንም የለም።

ደግሞ ተጫነ። ቻክ የለም፣ ምን የለም። ከላይ የፊልም አንሺው ረዳት "መብራት ሄደ" አለ።

ልጃገረዶቹ አልገባቸውም፤ መዝፈናቸውን ቀጠሉ። ውጭ ያሉት ደግሞ እንዲህ ያለ ጠንካራ ወገን አጋጥሟቸው አያውቅምና ልመናውን አበረቱት። አንደኛ ሚዜው ተንበረከከ አሉ፤ አላየሁም፣ በሩ ድፍን ነው። በባህላችን መሠረት ከተንበረከከ በኋላ ይከፈትለታል። አልተከፈተለትም። ተነሣና እንደገና ተንበረከከ። ፀሐዩ ከረረ። እየቆየ ጭብጨባው ሳሳ፣ ዘፈኑም ቆመ፤ በሁለቱም በኩል ዝም ተባለ። ከዚህ የሚብስ ዝምታ በሰርግ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

"እህቶች፣ በቃ፤ ባህሉን አክብረናል" አለ ሚዜው ከውጭ፤ ድምፁ ደክሟል። "አሁን ክፈቱልን፤ አዳራሽ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"አልከፈት ብሎን ነው" አለች አንዷ።

"ቀልዱ ይብቃ።"

"ቀልድ አይደለም፤ መብራት ሄዶ ነው።"

"በርና መብራት ምን አገናኘው?" አለ ሚዜው። ልጁ ትክክል ነው። እኔም ይህንኑ ነበር ስጠይቅ የኖርኩት።

ይኼኔ አስቴር፣ ያቺ አፈ ስል ጎረቤቴ፣ ነገር ላስረዳ ብላ ወደ በሩ ተጠጋችና ጮክ ብላ ተናገረች። "ልጆች፣ እኛ ምንም ችግር የለብንም። ልጅቷም ተዘጋጅታ ተቀምጣለች። የያዘችን አክስቱ ናት። አክስቱ ካልለቀቀች ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።"

እኔ ደረጃው ላይ እንዳለሁ ደረቅሁ። ሮጬ አፏን ልይዛት ነበር፤ ግን ወጥቶ አልቋል።

የእትዬ ዘነበች ድምፅ ከውጭ መጣ። "ማናት?"

አስቴር አሁንም አልገባትም። "አክስቱ ናታ። መጀመሪያውኑም መምጣት አልነበረባትም። ይህ ሕንጻ እሷ ከገባች ወዲህ ሰላም የለውም።"

"አስቴር" አልኳት፤ "ዝም በይ።" ዞር ብላ ስታየኝ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በሩ ላይ የሰው መዳፍ ሲያርፍ ሰማሁ። እትዬ ዘነበች ተጠግተዋል። እኔም ከውስጥ ተጠጋሁ። በመሃላችን ያ ድፍን ብረት ብቻ ነው። ማስረዳት ነበረብኝ፤ እንዴት አድርጌ ልጀምር ብዬ ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

"እንግዲህ ተነግሯችኋል" አሉ። "ማን እንደነገራችሁ አልጠይቅም። አዎ፣ ብያለሁ። ፎቅ ላይ የተንጠለጠለ ቤት፣ ዘመድ የማያሳርፍ፣ ድንኳን የሚጣልበት የሌለው፣ ከዚያ ልጃችንን አትዳሩ ብያለሁ። ለእህቴ ብቻ ነበር ያልኩት። ልጁ እንቢ አለኝ፤ እኔም ተውኩት። ዛሬ አደባባይ ላይ በር ዘግታችሁ ልትቀጡኝ አይገባም ነበር።"

ምን ይሰማችሁ ነበር እናንተ? እኔ ግራ ገባኝ። ያ "እ" ያሉት ነገር ይኸው ተፈታልኝ። ፊቴ ጋለ። ቤቴ፣ ልጄን ያሳደግሁበት ቤት፣ የተንጠለጠለ ተባለ። አንድ ልቤ ይህን በር መቼም እንዳይከፈት አለ። ሌላው ልቤ ላይ ቤት ነጭ ለብሳ የተቀመጠችውን አየ። ከኋላዬ ደግሞ ታደለ በቀስታ "ሮማን፣ ንገሪያቸው" ይለኛል። እሱ ሁልጊዜ በቀስታ ነው።

"እትዬ ዘነበች" አልኩ፤ "እርስዎ ያሉትን የነገረን የለም። አክስቱ የምንለው መቆለፊያው ነው።"

"መቆለፊያ?"

"የበሩ መቆለፊያ። ስሙ ነው።"

"መቆለፊያን አክስት ብላችሁ ነው የምትጠሩት" አሉ። አላመኑኝም። ማንስ ያምናል? እኔ ብሆን አምን ነበር? "እሺ" አሉ፤ "ናትናኤል፣ ና መኪናው ውስጥ ግባ።" የጫማቸው ድምፅ ሲርቅ ሰማሁ። ከላይ በመስኮት ማህሌት "እማዬ" ስትል ሰማሁ። አንዲት ቃል ብቻ።

ዞርኩ። አቶ ግርማ ስልክ ይዟል። ባለሱቁን አግኝቶታል። "ምን አለ?" አልኩት።

"ከመኪና ባትሪ በሽቦ ኮረንቲ ቢሰጡት ይከፈታል ነው የሚለው።"

"ታዲያ አበባ የለበሰች መኪና ውጭ ቆማለች አይደል? ሽቦ ከላይ እናሻግር።"

አቶ ግርማ ራሱን ነቀነቀ። "አይቻልም። ሽቦውን ለማግኘት ሳጥኑን መክፈት ያስፈልጋል። ሳጥኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ከተቀደደ ዋስትናው ይሰረዛል።"

አሁን ልብ በሉ። ልጄ ላይ ቤት ናት። አማቾቼ መኪና ሊያስነሱ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጠብቃል። ይህ ሰውዬ ስለ ወረቀት ያወራኛል።

"ምን አልክ?" አልኩት። ከእርስዎ ወደ አንተ የወረድኩት እዚህ ላይ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ዕድሜ ልኬን እርስዎ ስለው ኖሬአለሁ። ግቢው በሙሉ ሰማ፤ ታደለ አይኑን ጨፈነ።

"ወይዘሮ ሮማን፣ ይረጋጉ። ቁጣ በር አይከፍትም" አለኝ።

ተረጋጋሁ? ኧረ የት። እዚያ ጥግ ያለውን ዘነዘና አነሣሁት። እውነቱን ልናገር፣ ሳነሣው በሩን አስቤ አልነበረም። አቶ ግርማን ነበር ያሰብኩት። እሱም ገብቶታል መሰለኝ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ክራቫቱን ይዞ። መንገድ ላይ ግን ትንሽ አእምሮ መጣልኝና ዞሬ ያንን መቆለፊያ፣ ዋስትና ያለውን፣ ወረቀት የተለጠፈበትን፣ ጋሽ ደቻሳን ያስባረረውን፣ ከነሙሉ ቁጣዬ መታሁት።

ቻክ አለ።

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ለካ እትዬ ዘነበች ከመኪናው ተመልሰው ኖሯል። ለአንድ ጊዜ ደግሞ ልናገራቸው ብለው በሩን በትከሻቸው ደገፍ ብለው ነበር። በሩ ሲለቃቸው እሳቸው እኔ ላይ፣ እኔ ዘነዘናው ላይ። አቅፌ ያዝኳቸው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ከእሳቸው ኋላ ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ፣ ፊልም አንሺው፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሟል። የሚያዩት ምንድነው? የሙሽሪት እናት በሀበሻ ቀሚስ፣ በአንድ እጇ አክስት፣ በአንድ እጇ ዘነዘና።

እትዬ ዘነበች ቀና ብለው ዘነዘናውን አዩ። ቀጥሎ መቆለፊያውን አዩ። ወረቀቱ ተሰንጥቆ ተንጠልጥሏል።

"ይህች ናት?" አሉኝ።

"እሷ ናት" አልኩ።

"እኔን መስላችሁ እንዳይሆን የመታችኋት።"

"ትንሽ ትንሽ" አልኳቸው።

አፋቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው ብዬ ስጠራጠር ትከሻቸው መርገፍ ጀመረ። እኔንም ያዘኝ። ሁለታችንም ቄጤማው ላይ ቁጭ ብለን እስክንታመም ሳቅን። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ፣ "ያልኩትን ብያለሁ፣ አልክደውም። ግን ለልጇ ብላ በር የምታፈርስ አማት ካለችው እኔ ምን አገባኝ" አሉ። ይቅርታ አላሉም። እኔም ይቅር ብያለሁ አላልኩም። ማህሌትን ግን ከደረጃው እጇን ይዘው ያወረዷት እሳቸው ናቸው፤ የተበላው ደረጃ ጋ ሲደርሱም "እግርሽን" አሏት።

ሰርጉ ሰርግ ሆነ። ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር፤ የበላ ግን አልተነፈሰም።

ሰኞ ባለሱቁ መጣ። መቆለፊያውን ፈቶ አየው። ምንም አልሆነም አለ፤ እኔም እንዴት ተከፈተ? አልኩት። ማግኔት እኮ ኃይለኛ የሚሆነው ብረቱ ጥብቅ ብሎ ሲነካው ነው አለኝ። የፀጉር ያህል ከተለየው ጉልበቱ ወዲያው ይወድቃል፤ ያኔ ሞላው ይቀድመዋል። የዘነዘናው ንዝረት ለያያቸው። ይህን በተናገረ ጊዜ የሕንጻው ሰው በሙሉ ደረጃው ላይ ነበርና ሁሉም ሰማ።

እኔ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። መልሱንም አዘጋጅቻለሁ። አቶ ግርማ ግን ስለ እኔ ምንም አላነሣም። ባትሪው አሁንም በሚቀጥለው ዙር ይገዛል አለ። እስከዚያው፣ መብራት ሲሄድ በሩ በምት ይከፈታል፤ ለዚህም የእንጨት መዶሻ ተገዝቷል። እዩት እንግዲህ ሥልጣኔን። የኤሌክትሪክ በር ገጥመን በመዶሻ እንከፍታለን።

ችግሩ፣ መዶሻው ለማንም አልታዘዝ አለ። መብራት በሄደ ቁጥር ጎረቤቶቼ እየወረዱ ይሞክራሉ። ታደለ እንደ ልማዱ በቀስታ መታው፣ አልተከፈተም። አስቴር እየሳቀች መታችው፣ አልተከፈተም። አቶ ግርማ ዋስትናውን እያሰበ በአክብሮት ነካ ነካ አደረገው። መጨረሻ ላይ እኔን ይጠሩኛል። እኔም እወርዳለሁ፣ አንድ ጊዜ አሳርፍበታለሁ፣ ይከፈታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ማህሌትና ናትናኤል ሊጠይቁን መጥተው፣ ስናወራ፣ ስንበላ፣ ልቤ ጥግብ ብሎ ሳለ መብራት ሄደ። ሊሄዱ ሲነሡ በሩ ዝግ ነው። መዶሻውን አነሣሁ። መታሁ፣ ምንም። ደግሜ መታሁ፣ ምንም። ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ ያየኛል። አቶ ግርማ ቀረብ ብሎ፣ በዚያ በሚያከብር ድምፁ፣ "ወይዘሮ ሮማን፣ ዛሬ ምን ነካዎት? ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ እባክዎ በደንብ ይቆጡልን እንጂ" አለኝ።

ይኼኔ መታሁት፤ ተከፈተ።